ከአስ-ሳራር እስከ ሀዳር፦ የአይጥ ጥርስ ለእኛ ምናችን ነው?

በሪያድ የምንገኝ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች በተሰበሰብን ቁጥር የሚነሣ አንድ የቆየ ጥያቄ አለ። ይኸውም «ወደ አገሩ የሚመለስ ተማሪ ምን ዓይነት ዕውቀት ይዞ ቢመለስ ነው ሕዝቡን የሚጠቅመው?» የሚለው ነው። መልሱም የቆየ ነው፦ ሕክምና፣ ምሕንድስና፣ እርሻ፣ የንግድ አስተዳደር፣ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ኮምፒዩተር። ከዚህ ዝርዝር የወጣ ነገር የጠቀሰ ተማሪ ወይ ይሣቅበታል፣ ወይም ትምህርቱ «የጠገበ ሰው ትምህርት» ይባልበታል። እኛ ይህን አስተሳሰብ እንቃወማለን። የተቃውሟችንን ምክንያት ለማስረዳትም ከትልቁ ሳይሆን ከትንሹ፣ ከተከበረው ሳይሆን ከተናቀው ነገር ለመነሣት መርጠናል። ምሳሌያችን አይጥ ነው፤ ያውም ዘሩ ከምድር ከጠፋ ሚሊዮኖች ዓመታት ያለፉትና ዛሬ በጥርሱ ብቻ የሚታወቅ የአይጥ ወገን።

ከሪያድ በስተ ሰሜን ምሥራቅ 300 ኪሎሜትር ገደማ ርቆ፣ በአገሩ ምሥራቃዊ ግዛት ውስጥ፣ አስ-ሳራር የሚባል ስፍራ አለ። ዛሬ ደረቅ ምድር ነው። ከ16 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ግን፣ የመሬት ጥናት ሊቃውንት ማዮሲን በሚሉት ዘመን፣ የባሕር ዳርቻ ነበር። ከዚያ ዘመን የድንጋይ ንጣፍ ውስጥ የዓሣ፣ የኤሊ፣ የአዞና የጥንት ዝሆን ዘመዶች አጥንት ወጥቷል። ግኝቱም በ1980ዎቹ መጀመሪያ (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የአገሩ የቅርስ መሥሪያ ቤት እዚሁ ሪያድ ያሳትመው በነበረው «አትላል» በተባለ መጽሔት ላይ ተገለጠ። ከትላልቆቹ አጥንቶች ጎን ለጎን የጥቃቅን ቆርጣሚ እንስሳት ጥርሶች ነበሩ። በ2004 ራኬል ሎፔዝ-አንቶኛንሳስና ሼቭኬት ሴን የተባሉ ተመራማሪዎች ከእነዚህ ጥርሶች አንዳንዶቹ ቀደም ሲል ያልታወቀ ዝርያ መሆናቸውን አስታወቁ። ስሙንም በተገኘበት ቦታ «ሳይሚስ አሳራሬንሲስ» ብለው ሰየሙት። «ሚስ» በግሪክ ቋንቋ አይጥ ማለት ነው።

ይህ ሳይሚስ ጎተራ ከሚያውከው ከተራው አይጥ ቤተሰብ አይደለም። የጉንዲ ቤተሰብ ነው። ሊቃውንት ይህን ቤተሰብ «ማበጠሪያ ጣት» በሚል የግሪክ ስም ይጠሩታል፤ በኋላ እግራቸው ጣቶች ላይ እንደ ሚዶ ጥርስ በተሰደረ ጠንካራ ጠጉር ገላቸውን ስለሚያበጥሩ ነው። የቤተሰቡ መነሻ እስያ ነው። ሌሎች የሳይሚስ ዝርያዎች በፓኪስታንና በህንድ ተገኝተዋል። እንደሚታወቀው የዓረብ ምድርና አፍሪቃ በጥንት ዘመን አንድ መሬት ነበሩ። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ወዲህ መሬቱ እየተሰነጠቀ ቀይ ባሕር መከፈት ጀመረ፤ በሌላው ወገን ደግሞ የዓረብ ምድር ወደ ሰሜን እየተገፋ ከእስያ ጋር ተጋጠመ። በዚህ ጊዜ ይህ ዛሬ የምንኖርበት ምድር ድልድይ ሆነ። የዝሆን ወገኖች ከአፍሪቃ ወደ እስያ ተሻገሩ፤ ከእስያ የመጡትም ወደ አፍሪቃ ገቡ። የአስ-ሳራሩ አይጥ በዚህ መንገድ ላይ ከነበሩት መንገደኞች አንዱ ነው።

አሁን አንባቢ ልብ እንዲልልን የምንፈልገው ነገር ይህ ነው፦ ዛሬ በዓረብ ምድር ላይ ከጉንዲ ቤተሰብ አንድም የቀረ የለም። በዓለም ላይ በሕይወት ያሉት አምስት ዝርያዎች ብቻ ናቸው፤ አምስቱም የሚኖሩት በአፍሪቃ ነው። ከአምስቱ አንዱ፣ ፔክቲናቶር ስፔኪ የሚባለው፣ መኖሪያው በአፋርና በሶማሌ ምድር፣ በኤርትራ፣ በጅቡቲና በሶማሊያ ድንጋያማ በረሃ ነው። ማለዳ ከድንጋይ ስንጥቅ ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል፤ ጥላ ሲያይ ተመልሶ ይገባል። እንግዲህ በሪያድ ዙሪያ ያለው ምድር አፅሙን የያዘለት እንስሳ፣ ሕያው ዘመዱ ያለው በእኛ አገር ነው። የሳይሚስን ጥርስ ለመረዳት የፈለገ ሰው ወደ አፋር መሄድ ግድ ይለዋል። የፔክቲናቶርን ታሪክ ለመረዳት የፈለገም ወደ አስ-ሳራር መምጣት አለበት። ታዲያ ይህን ጥናት ሁለቱንም አገር የሚያውቅ ተማሪ ካልያዘው ማን ይያዘው?

ነገሩ በዚህ አያበቃም። ስለ ሀዳር ያልሰማ ኢትዮጵያዊ ተማሪ የለም። በኖቬምበር 1974 ድንቅነሽ የተገኘችበት ቦታ ነው። ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ መሆኑን ሕፃን ልጅ ሳይቀር ያውቃል። ነገር ግን ድንቅነሽ በምን ዓይነት አገር ላይ ትኖር እንደ ነበር ብንጠየቅ ስንቶቻችን እንመልሳለን? በረሃ ነበር? ደን ነበር? ሣር ነበር? የእርሷ አጥንት ይህን ብቻውን አይነግረንም። ከሚነግሩን ምስክሮች መካከል ግንባር ቀደሞቹ በዚያው ደለል ውስጥ የተገኙት የአይጥ ወገን ጥርሶች ናቸው።

ሞሪስ ሳባቲዬ የተባለ ፈረንሳዊ ተመራማሪ በ1978 ከሀዳር የተገኘ አንድ የጠፋ የፍልፈል ዝርያ «ታኪዮሪክቴስ ፕሊዮሴኒከስ» ብሎ አሳወቀ። በ1982 ደግሞ የሀዳርን ቆርጣሚ እንስሳት በጠቅላላ የሚገልጽ ሰፊ ጥናት አወጣ። ፍልፈልን የማያውቅ የገጠር ልጅ የለም። በማሳና በግጦሽ ላይ አፈር እየከመረ ገበሬውን የሚያስመርር፣ ከመሬት በታች የሚኖር እንስሳ ነው። ዛሬ የሚኖረው በደጋና በወይና ደጋ፣ አፈሩ ጥልቅና እርጥበት ያለው በሆነ ስፍራ ነው። ሐሩር በሆነው በዛሬው የሀዳር ቆላ ፍልፈል አይቆፍርም። ስለዚህ የፍልፈል ጥርስ በሀዳር ደለል ውስጥ መገኘቱ ቦታው በድንቅነሽ ዘመን ከዛሬው የተለየ፣ አፈሩ የሚቆፈርና እርጥበት ያለው እንደ ነበር ይመሰክራል።

ከዚያው ከሀዳር «ጎሉንዳ ጉራይ» የተባለ ሌላ የጠፋ አይጥም ተገኝቷል። የጎሉንዳ ወገን ዛሬ በሕይወት ያለው አንድ ዝርያ ብቻ ሲሆን እርሱም የሚኖረው በህንድና በአካባቢዋ ነው። እንግዲህ ሁለቱን አስተያዩአቸው። የጉንዲ ቤተሰብ በእስያ ተነሥቶ በዓረብ ምድር አልፎ ዛሬ በአፋር ይኖራል። የጎሉንዳ ወገን ደግሞ በአፋር ኖሮ ጠፍቶ ዛሬ በህንድ ይኖራል። በመካከል ያለው መንገድ ይህ እኛ የተቀመጥንበት የዓረብ ምድር ነው። ባሕርና አሸዋ ዛሬ የለያዩአቸውን አገሮች አንድ ታሪክ ያስተሳስራቸዋል። ይህንንም የሚነግሩን ከስንዴ ቅንጣት የማይበልጡ ጥርሶች ናቸው። «ለአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ» የሚለው ተረት በዚህ ላይ አይሠራም፤ የአይጧ ምስክር የራሷ ጥርስ ነው።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «አንዲት ጥርስ ይህን ሁሉ እንዴት ትናገራለች?» ይሉን ይሆናል። መልሱ ምትሐት የለበትም። የጥርስ የላይኛው ልባስ በአካል ውስጥ ካለው ነገር ሁሉ ጠንካራው ስለሆነ አጥንት ሲበሰብስ እርሱ ይቀራል። ጉጉት ሌሊት ያደነችውን አይጥ ውጣ አጥንቱንና ጠጉሩን አድቦልቡላ ትተፋለች፤ ከጎጆዋ በታች ያለው ክምር በጊዜ ብዛት ደለል ይሆናል። በዚህም የተነሣ ጥርሶቹ በአንድ ስፍራ ተከማችተው ይገኛሉ። አይጥ ቶሎ ቶሎ ስለሚወልድ በዘመናት ውስጥ የጥርሱ ቅርጽ ከትልልቅ እንስሳት ይልቅ ቶሎ ይለወጣል፤ ስለዚህ የድንጋዩን ዘመን ለመገመት ይረዳል። ዝሆን ብዙ አገር ያቋርጣል፤ አይጥ ግን ዕድሜውን በሙሉ ከተወለደበት ጉድጓድ እምብዛም አይርቅም፤ ስለዚህ የዚያን ስፍራ ሣርና አፈር፣ እርጥበትና ድርቀት ይመሰክራል። ድንቅነሽ ጋኗ ናት፤ እነዚህ ጥርሶች ጠጠሮቹ ናቸው። ጋን ደግሞ በጠጠር ይደገፋል።

ሥራውም ቢሆን ለድሃ አገር የሚከብድ አይደለም። ደለሉ ይቆፈራል፣ በውኃ ይታጠባል፣ በወንፊት ይነፋል፣ በወንፊቱ ላይ የቀረው ይደርቃል፣ ከዚያ በማይክሮስኮፕ ሥር አንድ በአንድ ይለቀማል። እናቶቻችን ጤፍ ሲያበጥሩና ምስር ሲለቅሙ የሚያሳዩት ትዕግሥት እዚህ ላይ ትልቁ መሣሪያ ነው። ከወንፊቱና ከማይክሮስኮፑ ቀጥሎ የሚያስፈልገው የሕያዋን አይጦች ራስ ቅል በሥርዓት የተሰደረበት መሳቢያ ነው፤ የጠፋውን ማወቅ የሚቻለው ካለው ጋር በማስተያየት ነውና።

«አይጥ ከጎተራ ይባረራል እንጂ ይጠናል ወይ?» ለሚሉንም መልስ አለን። ለማባረርም ቢሆን ማን መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። በ1998 ብቻ ነው «ማስቶሚስ አዋሸንሲስ» የተባለው፣ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኘው አይጥ ራሱን የቻለ ዝርያ መሆኑ የታወቀው። ይህም አይጥ በገበሬው ማሳ ውስጥ ከሚገኙት አንዱ ነው። የትኛው አይጥ እህል እንደሚበላ፣ የትኛው መቼ እንደሚራባ፣ የትኛው ምንም ጉዳት እንደማያደርስ የሚለየው በራስ ቅልና በጥርስ ነው። የጠፋውን ዝርያ ለመለየት የተዘጋጀው መሳቢያ የገበሬውን ጠላት ለመለየትም ያገለግላል። ስለሆነም «ጠቃሚው» እና «ቅንጦቱ» ትምህርት ተብሎ የተሠመረው መሥመር በተጨባጭ ሁኔታ ሲመረመር ፈራሽ ነው።

አሁን ወደ ዋናው አቋማችን እንምጣ። የዚህን ዕውቀት ታሪክ መለስ ብለን ስናይ ባለቤቱ ማን እንደ ነበር ግልጽ ነው። የእኛን ፍልፈል ለሳይንስ ዓለም በ1835፣ የባሌን ትልቅ ፍልፈል ደግሞ በ1842 ስም ያወጣላቸው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ነው። የሀዳርን ጥርሶች ያጠኑት ፈረንሳውያን ናቸው። የኦሞ ሸለቆን ጥቃቅን አጥቢዎች በ1984 በመጽሐፍ ያወጣው ሄንሪ ዌሰልማን አሜሪካዊ ነው። እነዚህን ሰዎች አንወቅስም፤ እንዲያውም ልናመሰግናቸው ይገባል። ወቀሳው የሚያርፈው የገዛ አገሩን አፈር ሌላው እስኪያነብለት ድረስ በሚጠብቅ የተማረ ክፍል ላይ ነው። በ1982 የኢትዮጵያ መንግሥት የውጭ ቡድኖች በመስክ የሚያደርጉትን ጥናት ለዓመታት አግዶ እንደ ነበር ይታወሳል። እገዳ ግን ብቻውን ባለቤት አያደርግም። ባለቤት የሚያደርገው የሚቆፍር፣ የሚለቅም፣ የሚያነብና የሚጽፍ ሰው ማፍራት ነው።

ሰው ሲፈራ ምን እንደሚሆን ደግሞ አይተናል። ብርሃኔ አስፋው፣ ዮሐንስ ኃይለ ሥላሴ፣ ዘረሰናይ ዓለምሰገድ የመሳሰሉ ኢትዮጵያውያን ውጭ ተምረው በሙያው የዓለም ቁንጮ ላይ ደርሰዋል። ዘረሰናይ በዲኪካ በ2000 የተገኘችውን «ሰላም» የተባለች ሕፃን ቅሪተ አካል በ2006 ለዓለም አስተዋውቋል። በአይጥ ረገድም ጅምር አለ። በ2009 ዮሐንስ ኃይለ ሥላሴና ግደይ ወልደ ገብርኤል ባዘጋጁት የመካከለኛው አዋሽ መጽሐፍ ውስጥ ከ5 ሚሊዮን ዓመት በላይ ያስቆጠረ ሌላ የጠፋ ፍልፈል «ታኪዮሪክቴስ ማኩካ» ተብሎ ተሰይሟል፤ ከሦስቱ ሰያሚዎች አንዱ መስፍን አስናቀ ነው። ከ1978 እስከ 2009 ድረስ 31 ዓመት ነው። በአንድ ፍልፈልና በሌላው ፍልፈል መካከል ኢትዮጵያዊ ስም ከሰያሚዎቹ ተርታ ገባ። እርምጃው ጥሩ ነው፤ ፍጥነቱ ግን አያረካም።

ጉዳዩ የሞተውን ብቻ የሚመለከትም አይደለም። የባሌው ትልቅ ፍልፈል ዛሬ የሚኖረው በባሌ ተራሮች ብቻ ሲሆን፣ የመጥፋት አደጋ ካንዣበበባቸው እንስሳት ተርታ ተመዝግቧል። በዓለም ላይ በቁጥር ከ500 የማይበልጠው አዋቂ ቀይ ቀበሮ በባሌ በዋነኝነት የሚመገበው ይህንኑ ፍልፈል ነው። በ2019 የወጣ ጥናት ደግሞ በባሌ ፍንጫ ሀበራ በተባለ የዋሻ ጥላ ሥር፣ ከባሕር ወለል በላይ በ3,469 ሜትር ከፍታ፣ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት የኖሩ ሰዎች ይህንኑ ፍልፈል እየጠበሱ ይበሉ እንደ ነበር አሳይቷል። በበረዶ ዘመን ሰውን በዚያ ከፍታ ላይ ያኖረ እንስሳ ነው። የባሌ ተራሮች ፓርክ በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። መዝገብ ግን ጠባቂ አይሆንም። አስ-ሳራር የሚያስተምረን አንድ ሙሉ ቤተሰብ ከአንድ ምድር ላይ ጨርሶ ሊጠፋ እንደሚችል ነው። የዓረብ ጉንዲ ሲጠፋ የሚያይ ሰው አልነበረም፤ የባሌ ፍልፈል ቢጠፋ ግን እያየን ነው የሚጠፋው።

ከሁሉ የከበደውን ተቃውሞ ወደ መጨረሻ አቆይተነዋል። እርሱም ከዚህ ከሪያድ የሚነሣ ነው። «በመንፉሐ ሰፈር ወገኖቻችን የደረሰባቸውን እያወቃችሁ ስለ አይጥ ጥርስ ትጽፋላችሁ?» የሚል ነው። በኖቬምበር 2013 በዚያ ሰፈር ግጭት ተነሥቶ የሰው ሕይወት መጥፋቱን፣ በዚያ ዘመቻም ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዓረቢያ ወደ አገራቸው መመለሳቸውን አልዘነጋንም። የአይጥ ጥርስ ለተባረረ ሰው እንጀራ አይሆንም፤ ይሆናል ብለንም አንዋሽም። ይሁን እንጂ ወገኖቻችን ወደዚህ ምድር የመጡት ጉልበታቸውን ብቻ ይዘው ነው፤ ሲመለሱም በአብዛኛው ጉልበታቸውን ብቻ ይዘው ነው የተመለሱት። እኛ ግን የቤተ መጻሕፍት በር ተከፍቶልናል። ለእነርሱ ያለብን ዕዳ የሚከፈለው በቁጭት ብቻ አይደለም። በሁለቱ አገሮች መካከል ከሠራተኛ ውል ሌላ የዕውቀት ውልም እንዲኖር በማድረግ ጭምር ነው። ኢትዮጵያዊ በዚህ አገር በጉልበቱ ብቻ ሳይሆን በዕውቀቱም እንዲታወቅ የሚያደርግ ሥራ ሁሉ፣ ሥራው የአይጥ ጥርስ መልቀም እንኳ ቢሆን፣ ለወገን ክብር የሚሠራ ሥራ ነው።

እንግዲህ ምን መደረግ አለበት? እኛ የሚከተለውን እናቀርባለን።

አንደኛ፣ በሥነ ሕይወትና በሥነ ምድር ትምህርት ላይ ያለን ተማሪዎች ቢያንስ አንድ የጥናት ጽሑፋችንን በቀይ ባሕር ግራና ቀኝ ስላሉ እንስሳት፣ የጠፉትንም ያሉትንም፣ እናድርገው። ጽሑፉም በመምህሩ ጠረጴዛ ላይ ተቀብሮ እንዳይቀር አንድ ቅጂ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ጎንደር፣ ወደ ባሕር ዳርና ወደ ሰመራ ዩኒቨርሲቲዎች ይላክ።

ሁለተኛ፣ ዓረብኛ የምናነብ ሁሉ በዚህ ምድር ስለ ጥንት እንስሳት የተጻፈውን ወደ አማርኛና ወደ ሌሎች ቋንቋዎቻችን እንመልስ። ለአንድ ኢትዮጵያዊ ተማሪ የሎንዶንና የፓሪስ ጽሑፍ የሚደርሰውን ያህል የጎረቤቱ የዓረብ ምድር ጽሑፍ አይደርሰውም፤ ይህን ክፍተት ለመሙላት ከእኛ የተሻለ ቦታ ላይ ያለ የለም።

ሦስተኛ፣ ይህ መጽሔት በየዕትሙ አንድ ገጽ ለሳይንስ ቃላት ይመድብ። ፍልፈል፣ ወንፊት፣ ደለል የሚሉ ቃላት ከአያቶቻችን የወረስናቸው ናቸው፤ ለአዲሱ ዕውቀትም በሚገባ ያገለግላሉ። ቃል የጎደለበትን እየተወያየን እንሙላ። ገበሬው በማይገባው ቋንቋ ስለ ገበሬው መሬት መጻፍ እስከ መቼ?

አራተኛ፣ ከእንግዲህ ወዲህ ከመካከላችን አንዲት እኅት ወይም አንድ ወንድም «የማጠናው አይጥ ነው» ሲሉ አንሣቅባቸው። ይልቁንም የትኛውን አይጥ፣ ከየትኛው ደለል፣ በስንት ዓመት ብለን እንጠይቃቸው። ጥያቄውን ያወቀ ማኅበር መልሱንም የሚያመጣ ሰው ያወጣል።

አፈሩ የእኛ ነው። ጥርሶቹም በአፈሩ ውስጥ ናቸው። ወንፊቱን የሚያነሣው ማን እንደሚሆን የሚወስነው ዛሬ በየክፍሉ የተቀመጠው ተማሪ የሚመርጠው ትምህርት ነው።